ለባስክኛ ዘመድ ፍለጋ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰዲቅን የሚፈልግ ሰው "ሰዲቅ የታለ?" ብሎ ከጠየቀ ላያገኘው ይችላል። "ቻይናው የታለ?" ማለት አለበት። ያኔ መናኸሪያው በር ላይ ማንጎ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር በአገጯ ታሳየዋለች። ረጅም፣ ጠቆር ያለ፣ ጺሙን ሂና የቀባ፣ ከቻይና ጋር በመልክም በቁመትም የማይገናኝ ሰውዬ ባጃጁ ውስጥ እግሩን በበሩ አውጥቶ፣ በጋዜጣ ፊቱን እያራገበ ተቀምጧል።

ስሙን ያገኘው ከመንገድ ሥራ ነው። ቻይናዎቹ አስፋልቱን ሲያድሱ ሰዲቅ ባንዲራ ያዥ ነበር። ቀዩን ሲያነሣ ከደሴ የሚመጣው መኪና ይቆማል፤ አረንጓዴውን ሲያነሣ ያልፋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቻይናዎቹ አፍ የለቀማቸው ቃላት "ቶሎ በል"፣ "የለም"፣ "ነገ"፣ "ውሃ"፣ "ጥሩ አይደለም" እና "ወዳጄ" ነበሩ። በእነዚህ ቃላት አንድ መንገድ ተጀምሮ አልቋል፤ ስለዚህ ሰዲቅ የሰው ልጅ ቋንቋ ከዚህ አያልፍም ብሎ ቢያምን የሚፈረድበት አይደለም።

ቻይናዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ የከተማው የቻይና ጉዳይ ሁሉ በእሱ እጅ ወደቀ። ከሮቢ ወንዝ ውሃ ስቦ ሽንኩርትና ማሾ የሚያጠጣ ገበሬ አዲስ ፓምፕ ሲገዛ ካርቶኑን ተሸክሞ ወደ እሱ ይመጣል። ሰዲቅ ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ያየዋል፤ አንዱን ፊደል በጣቱ ይዳብሳል፤ ትንሽ ይተክዛል። ከዚያ "ፀሐይ ላይ አታቁመው፤ ሲግልም አሳርፈው ነው የሚለው" ይላል። የስልክ ቻርጀሩም፣ የእጅ ባትሪውም፣ የሕፃን አሻንጉሊቱም ይህንኑ ይላሉ። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆሞ የማይበላሽ ነገር የሌለበት አገር ነውና ሰዲቅ ተሳስቶ አያውቅም።

ለዚህ ዕውቀቱ የሚከፈለው ገንዘብ አልነበረም፤ ቦታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሸህ ሷሊሕ ቤት ዱዓ አለ። ጫት ይያዛል፣ ይመረቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። እዚያ ቤት ሰው የሚቀመጠው እንደ ክብሩ ነው። ሸሁ ከምሰሶው ሥር፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ የሽንኩርት ነጋዴዎቹ፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ጫማ የሚወልቅበት በር ጋ ይደረሳል። ሰዲቅ በባንዲራ ያዥነቱ ዘመን የጫማዎቹ ጎረቤት ነበር። "ቻይናው" ከተባለ በኋላ ግን አንድ ቀን ሸሁ፣ "ና እስኪ ወዲህ! የውጭ አገር ሰውማ በር ላይ አይጣልም" ብለው ከጎናቸው አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ክርኑን ትራስ ላይ ጥሎ፣ ወሬው ስለ ጦርነት ይሁን ስለ ስኳር ዋጋ፣ "ቻይናዎቹ እንዲህ ያለውን ነገር አይወዱም" ይላል። ቤቱ ደግሞ "እህ!" ይላል። በሕይወቱ ከዚህች "እህ" የሚበልጥ ነገር አግኝቶ አያውቅም።

ሚስቱ ዙልፋ ብቻ በዚህ አትደነቅም። "እኔ ቻይንኛህን የምሰማው ሁለት ጊዜ ነው" ትለዋለች፤ "ሻይ ሲዘገይብህና ሻይ ሲያልቅብህ።"

ነገር የመጣው ከበር በኩል ነው። ሙሀሲን የሚባል ወጣት የጂኦግራፊ መምህር አለ፤ ዲግሪ ያለው፣ ከነዲግሪው ጫማዎቹ አጠገብ የሚቀመጥ። ትርፍ ሰዓቱን የሽንኩርት ዘር ለማሻሻል ለመጣች ለአንዲት ፈረንጅ ያስተረጉማል። አንድ ሐሙስ ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ሸሁ፣ ይቺ እኔ የማስተረጉምላት ልጅ ማይቴ ትባላለች" አለ። "አገሯ ባስክ ነው፤ በስፔንና በፈረንሳይ መካከል ነው። ቋንቋቸው በዓለም ላይ ዘመድ የለውም።"

"ማን ነው ዘመድ የሌለው?" አሉ ሸሁ።

"ቋንቋው።"

"እንዴት ያለ ነገር ነው?"

"አማርኛ ከትግርኛ ጋር የአክስት ልጅ ነው፤ ከዓረብኛም ይዛመዳል። ኦሮምኛና ሶማልኛም ዘመዳሞች ናቸው። ባስክኛ ግን ብቻውን ነው። ምሁራኑ ዘመድ ሲፈልጉለት ስንት ዕድሜ ፈጁ፤ አላገኙም።"

ሙሀሲን ይህን የተናገረው ዕውቀቱ እንዲታይለት ነበር፤ የሰሚዎቹ ፊት ግን መርዶ የተረዳ ሰው ፊት ሆነ። ከሴቶቹ በኩል እትዬ ሳፊያ የሚባሉ አሮጊት፣ "ውይ! አንድም?" ብለው ደረታቸውን ያዙ።

ይህን ድንጋጤ ለመረዳት ሸዋ ሮቢት ያለበትን ይፋትን ማወቅ ያስፈልጋል። ይፋት ውስጥ ያልተቆጠረለት ሰው እንጂ ዘመድ የሌለው ሰው የለም። ከቆላ ግመል እየነዳ የመጣም ይሁን ከጣርማ በር ባቄላ ጭኖ የወረደ፣ አረፍ ይበልና አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ይጠየቃል። የሆነ ቦታ ላይ ከአንዱ ጋር ይገናኛል። ካልተገናኘም ሽማግሌ ያገናኘዋል። አንዴ ተቆጥሮ የተገናኘ ደግሞ አይካድም። "አላውቅህም" ያለ ሰው፣ ድግስና ለቅሶ ሲመጣ ሊሸሽ ነው ተብሎ እስከ ልጅ ልጁ ይታማል።

ሸህ ሷሊሕ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "እኛም አርጎብኛችን ልጆቻችን አፍ ላይ ሲያልቅ አይተናል" አሉ። "ብቻ መቅረት ምን እንደሆነ አንስተውም። ልጅቱ በሚመጣው ሐሙስ ትምጣ። ለቋንቋዋ ዘመድ እንፈልግላታለን፤ ኢንሻአላህ።"

"ከየት ነው የምንፈልገው?" አለ አንዱ ነጋዴ።

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ትራሱ ዞረ።

"ቻይናማ ወገኑ ምን ጊዜም ብዙ ነው" አሉ እትዬ ሳፊያ። "ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ለአንዲት ልጅ የሚሆን ይጠፋል?"

ሰዲቅ ጺሙን ዳበሰ። "ኧረ አይጠፋም። ቻይንኛ ሰፊ ነው" አለ።

"በጣም ጥሩ!" አለ ሙሀሲን ከጫማዎቹ መካከል። "ማይቴም ቻይና ኖራለች። እዚሁ ፊታችን ከጋሼ ሰዲቅ ጋር በቻይንኛ ትጨዋወታለቻ!"

"እህ!" አለ ቤቱ።

ሰዲቅ ክርኑን ከትራሱ ላይ አነሣ።

ማታ ቤቱ ገብቶ ራት ሲቀርብለት በቀኝ እጁ ቆርሶ በግራ እጁ ጉንጩን ይዞ ተቀመጠ።

"ምን ሆንክ?" አለችው ዙልፋ።

"ጥርሴን አሞኛል። እስከ ሐሙስ የሚሻለኝ አይመስለኝም።"

"ሐሙስ የሚመጣ የጥርስ ሕመም ዛሬውኑ ቀጠሮ ያስይዛል እንዴ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው፤ የባሏ ፊት የሚሳቅበት አልነበረም። "ንገራቸውና ይለፍልህ" አለችው በቀስታ።

"ብነግራቸው የት ነው የምቀመጠው?"

"ድሮ የተቀመጥክበት።"

"አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ አታውቂም" አለ ሰዲቅ። "እዚያ ስትቀመጪ የምትናገሪውን ማንም አይሰማሽም። እውነት ብትናገሪ እንኳ አይሰማሽም።"

ዙልፋ ሥጋ ያለበትን ወደ እሱ አዙራ ገፋችለት።

በማግስቱ ሰዲቅ ባጃጁን አቁሞ በሚኒባስ አጣዬ ሄደ። እዚያ ሀሩን የሚባል የካምፕ ጓደኛው አለ። ሀሩን በዚያን ጊዜ ለቻይናዎቹ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አሁን ከተማው በተቃጠለበት ግርግር ጊዜ ከነሸቀጧ የነደደችበትን የጨርቅ ሱቅ በአዲስ ቆርቆሮ መልሶ ሠርቶ ጋቢና ሻሽ ይሸጣል።

"ሀሩን፣ ቻይንኛ አበድረኝ" አለው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

"ምን ያህል ይበቃሃል?"

"አንዲት ፈረንጅ ፊት የማያዋርድ።"

ሀሩን ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ አሰበ። "እኔ ያለኝ የወጥ ቤቱ ነው። 'ሩዝ'፣ 'ጨው'፣ 'ውሃ'፣ 'ብላ'፣ 'በቃ'።"

"ሌላስ?"

"'ሳህን እጠብ።'"

ሁለቱ ቁጭ ብለው ያላቸውን አወጡ። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቀውም። የሰዲቅ ቻይንኛ አቧራና ሬንጅ፣ የሀሩን ቻይንኛ ዘይትና እንፋሎት፤ "ውሃ" ከምትባል አንዲት ቃል በቀር የሚያገናኛቸው ነገር አልተገኘም። ሰዲቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጠ። ቻይንኛ ከቻይንኛ ጋር እንዲህ ከተራራቀ ባስክኛ ከየት መጥቶ ሊዛመደው ነው?

"ስማኝ" አለው ሀሩን ሲሸኘው። "ረጅም ነገር ስትናገር አንገትህን ነቅንቅ፤ መጨረሻው ላይ 'ሃው፣ ሃው' በል። 'ጥሩ ነው' ማለት ነው። ቻይናዎቹ ራሳቸው እኮ ግማሹን ቀን ሲነቀንቁ ነው የሚውሉት።"

ሐሙስ ደረሰ። ሸሁ ቤት በር ላይ የጫማው ብዛት የሠርግ መሰለ። ማይቴ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ቀጭን፣ የገበሬ እጅ ያላት ልጅ ናት። ዙልፋ በር ላይ ተቀብላ ሻሽ አሰረችላትና ከእትዬ ሳፊያ ጎን አስቀመጠቻት። ሙሀሲን ለማስተርጎም ሲል ከጫማዎቹ መካከል ተነሥቶ መሐል ቤት ገባ፤ የጨዋታው መጀመሪያ ለእሱ እንዲህ ጥሩ ነበር።

ሸሁ ዱዓ አደረጉ። ዝናብ ለመሬት፣ ሰላም ለመንገደኛ፣ ዘመድ ለዘመድ አልባው ተለመነ። "አሚን!" ተባለ። ከዚያ ወደ ማይቴ ዞሩ።

"ልጄ፣ ምሁራኑ ዘመድ የት የት ፈለጉልሽ?"

ሙሀሲን ጠየቃት፤ መለሰችለት። "ካውካሰስ የሚባል ተራራ አገር ፈልገዋል፤ ሰሜን አፍሪካም በርበሮች ዘንድ ፈልገዋል። ሌላም ብዙ ቦታ። መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ ግን የተረጋገጠ የለም አለች።"

"ዘመድ በመጽሐፍ ይፈለጋል እንዴ?" አሉ ሸሁ አዝነው። "ተቀምጦ በመጠያየቅ ነው እንጂ። ከእናት እንጀምር። እናትን ምን ትያታለሽ?"

"አማ" አለች ማይቴ።

"ሰዲቅ፣ በቻይና እናት ማን ትባላለች?"

ሰዲቅ ይህቺን በአጋጣሚ ያውቃታል። አንድ ጊዜ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ባለ ገልባጭ መኪና ከቻይናዎቹ ጋር ተሳፍሮ ነበር፤ የተሳፈረው ሁሉ በአንድ ድምፅ የጮኸውን አይረሳም። "ማማ ነው የምትባለው" አለ።

ቤቱ ተናጋ። "ተገኘ!" "በእናት በኩል ነው!" "አልሐምዱሊላህ!" እትዬ ሳፊያ የማይቴን አንገት አቅፈው ሳሟት። ማይቴ ለሙሀሲን እጇን እያወራጨች ስታስረዳ፣

"ይቺ አትቆጠርም ነው የምትለው" አለ ሙሀሲን። "ሕፃን ሁሉ፣ የትም አገር፣ አፉን ሲፈታ የሚላት ቃል ስለሆነች ምሁራን ለማስረጃ አይቀበሏትም አለች።"

ሸሁ ፈገግ አሉ። "ሕፃን ሁሉ የሚላት ከሆነችማ ጭራሽ እኛም አለንበት። በላት።"

ማይቴ በሳቅ ፈነዳች። ሰዲቅም ሊስቅ አፉን ሲከፍት ሸሁ ቀጠሉ። "እንግዲህ ዘመዳሞች ተገናኝታችኋል፤ ሰላም ተባባሉ። አንቺ ቻይና ስለኖርሽ በቻይንኛ አናግሪው። ሰዲቅ ይመልስልሽ።"

ሙሀሲን የሰማውን በእንግሊዝኛ ሊያስተላልፍ ወደ ማይቴ ጎንበስ አለ። ሰዲቅ አንገቱን መነቅነቅ ጀመረ፤ ገና ምንም አልተባለም። "ሃው፣ ሃው" ሊል አሰበና የሰውን ፊት አየ። ፓምፕ ያነበበላቸው ገበሬዎች አፋቸውን ገርበብ አድርገው፣ እንደ ልጅ፣ ሊደሰቱ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ከሴቶቹ መካከል ዙልፋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ያቺ የዙልፋ ዓይን አስነሣችው።

"ሸሁ፣ አፉ በሉኝ!" አለ ቆሞ። "እኔ ቻይንኛ አልችልም። የምችለው 'ቶሎ በል'ን፣ 'የለም'ን፣ 'ነገ'ን ነው። ባንዲራ ነበር የምይዘው። ካርቶኑንም ሁሉ የማነብላችሁ በግምት ነው። ወላሂ!"

ከወደ ጥግ አንድ ገበሬ ብቻ፣ "የኔ ፓምፕ ግን እስካሁን ይሠራል" ብሎ አጉረመረመ።

ሸሁ ሰዲቅን ትተው ወደ ማይቴ ዞሩ። "አንቺስ ልጄ፣ ቻይንኛውን ምን ያህል ታውቂዋለሽ?"

ማይቴ ብዙ ተናገረች። ሙሀሲን አንገቱን አከከ።

"ምን አለች?"

"ለስብሰባ ሄጄ አንድ ሳምንት ሆቴል ውስጥ ነበርኩ..." ድምፁ ወደ ጫማዎቹ እያፈገፈገ ሄደ። "ከ'አመሰግናለሁ' በቀር አላውቅም አለች።"

"አንተ ኖራለች አላልከንም?"

"ሳምንትም ቢሆን መኖር ነው፣ ሸሁ።"

ሰዲቅ በቆመበት ክው አለ። ለካ በከንቱ ነው ራሱን ያጋለጠው! ትንሽ ቢታገስ፣ አንድ ትንፋሽ ብቻ ቢታገስ፣ ትራሱ ላይ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር።

ሸሁ ግን የተቆጡት በሙሀሲን አልነበረም። ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። "ሰዲቅ፣ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ልጅቱ ከባሕር ማዶ መጥታ፣ ተቆጥሮላት፣ በእናት በኩል ተገናኝታ፣ ሰው ሁሉ እልል ካለላት በኋላ ነው ቻይንኛውን የምትክደው?"

"ኧረ ሸሁ፣ አልካድኩም፣ አልችልም ነው ያልኩት!"

"ፍየል እንዳያርድላት ነው" አለ የሽንኩርት ነጋዴው።

"ምን ፍየል? እኔ ቻይና አይደለሁም እኮ!"

"ይኼው!" አሉ እትዬ ሳፊያ። "አሁን ደግሞ ጭራሽ ወገኑን ካደ!"

ሰዲቅ እውነቱን ደጋግሞ ተናገረ። በዚያ ቤት ብዙ ዓመት ሲዋሽ "እህ" እየተባለ የተደመጠ ሰው፣ እውነቱን ሲናገር የሚሰማው ጠፋ። እንዲያውም በተናገረ ቁጥር ንፍገቱ እየተጋለጠ ሄደ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ተማከሩና ሸሁ ፍርዱን አሰሙ። ባስክኛና ቻይንኛ በእናታቸው በኩል ዘመዳሞች ናቸው። ቻይንኛ እዚህ አገር ከሰዲቅ በቀር ተጠሪ የለውምና፣ በሚመጣው እሑድ ፍየል አርዶ ዘመዱን ያስተናግዳል። ስሙም እንደ ድሮው "ቻይናው" ነው፤ ሊጥለው አይችልም።

"ቦታዬስ?" አለ ሰዲቅ፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋበት።

"ቦታህማ ለእንግዳ ነው የሚለቀቀው። ዘመድ መጥቶብህ አንተ ትራስ ላይ ልትጋደም ነው? አስተናጋጅ የሚቀመጠው በር ላይ ነው።"

እንዲህ ሆነና ማይቴ ከምሰሶው አጠገብ ተቀመጠች። አስተርጓሚዋ ከጎኗ ሊለይ አይችልምና ሙሀሲንም የተመኘው ቦታ ላይ ወጣ፤ ግን ሰው ሁሉ ስለ ባስክ አገር ዝናብና ስለ ሽንኩርቱ ሲጠይቅ ስለዋለ አንዲት ቅጠል ለመቀንጠብ ፋታ አላገኘም። ሰዲቅ በር ላይ ሆኖ ውሃ አቀበለ።

እሑድ ፍየሏ ታረደች። ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ሸሁም መጡ፣ እትዬ ሳፊያም መጡ፣ ያልተጠራም መጣ። ዙልፋ ማይቴን እንግዳ አድርጋ አላስቀመጠቻትም፤ "ዘመድ ነሽ ተብሏል፤ በይ ክተፊ" ብላ ሽንኩርትና ቢላ ሰጠቻት። ማይቴ የምታውቀው ነገር ስለገጠማት እየሳቀች ከተፈች።

ሰዲቅ ሥጋ ሲያካፍል ቆይቶ አረፍ ሲል የማይቴ ስልክ ጠራ። ልጅቱ የእጇን እርጥበት በቀሚሷ ጠረገችና አነሣችው።

ባስክኛ ተናገረች። ግቢው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ስለዚህ ቋንቋ ሳምንቱን ሙሉ ሲሟገቱ ከርመው፣ ዘመድ አፈላልገውለት፣ ፍየል አርደውለት፣ አንድም ቀን ከሁለት ቃል በላይ ሰምተውት አያውቁም ነበር። ፈጠን ያለ፣ ደረቅ ደረቅ የሚል፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚደረድሩት ያለ ንግግር ነው። ልጅቱ ትስቃለች፣ ደግሞ ዝም ትላለች፣ ፊቷን ወደ ግንዱ አዙራ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ደግሞ ትናገራለች። ስትጨርስ ስልኩን ትንሽ ደረቷ ላይ ይዛው ቆየች።

"ከማን ጋር ነው? ምን አለች?" አሉ እትዬ ሳፊያ በሹክሹክታ።

ሙሀሲን አፉ በሥጋ ተሞልቶ ነበር። ቀድሞ የመለሰው ሰዲቅ ነው።

"ከእናቷ ጋር ነው" አለ። "'ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የከበደኝ፤ ብቻዬን አይደለሁም፣ ሰዎች ቤት ነኝ፣ አታስቢ' አለቻት። እናቷ ግን ማሰቧን አልተወችም።"

"እህ!" አሉ እትዬ ሳፊያ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ሙሀሲን ጉርሻውን እንደ ምንም ዋጠ። "ጋሼ ሰዲቅ፣ እርስዎ ባስክኛ ደግሞ ከየት አመጡ? ቆይ፣ እኔ ራሷን ልጠይቃት" ብሎ ወደ ማይቴ ሊዞር ሲል ዙልፋ ትከሻውን ያዘችው። የጎድን አጥንት ያለበት ሳህን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"አንተ ብላ" አለችው። "ዛሬ እሱ ያስተርጉም።"